ሐጁን ያስደነገጠችው ጓጉንቸር

አባቴን ማን እንደወሰደብኝ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እውነቱን እናገራለሁ። ጓጉንቸር ናት እላለሁ። ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ፊቴን ያይና ሳቁን ይውጣል። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም። እዚያ ባልኖር ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ሰሚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ገዳሪፍ ነው። እናቴ የጎንደር እስላም ነጋዴ ልጅ ናት፤ ገበያው ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። አባቴ በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎች ላይ ትራክተርና ፒክአፕ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። ሰፈሩ ሐጅ ዑስማን ይለዋል። መካን በሥዕል እንጂ በአካል አያውቃትም፤ ሱዳን ውስጥ ግን ፂሙ የሸበተ ሁሉ ሐጅ ነው።

ቤታችን አንድ ሕግ ነበረው። አማርኛ ከበር አይወጣም። ቤት ውስጥ «አባ» የምለውን ሰው ደጅ ስወጣ «አቡይ» እለዋለሁ። እሱም ቤት ውስጥ «ልጄ» ብሎኝ፣ መንገድ ላይ «ያ ቢቲ» ይለኛል። እናቴ ስታሾፍበት፣ «ሰው ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ ይሄ ሰውዬ ምላሱን» ትል ነበር። ዓረቢውን የሰማ ሱዳናዊ ሐበሻ ነው ብሎ አይጠረጥረውም። ዐይን የምትባለዋን ፊደል ከጉሮሮው ሥር ያወጣታል፤ ቀልዱም ስድቡም የአገሬው ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው ከሻ ነው። እዚያ ላልኖራችሁ፣ ከሻ ማለት ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከየመንገዱ እየለቀሙ መኪና ላይ የሚጭኑበት አፈሳ ነው። አባቴ እንኳ ወረቀት ነበረው። ጂንሲያ፣ የሱዳን ዜግነት። ያወጣለት ትራክተሩን የሚነዳለት ባለ እርሻ ነው፤ ቢሮ ወስዶት «የወንድሜ ልጅ ነው» ብሎ መሰከረለት፣ አለቀ። በዚያ ዘመን እንዲህ ዓይነት ዝምድና ብዙ ነበር። ኋላ ባለ እርሻው ሞተ። ሁለቱ አገሮች በሚጣሉበት የድንበር መሬት፣ ፋሽጋ ላይ ደግሞ ጥይት መተኮስ ጀመረ፤ ሐበሻ የሚለው ቃል በሰው አፍ ላይ ከበደ። የእሱ ኑሮ፣ የእናቴ ሱቅ፣ የእኔ ትምህርት፣ ሁሉም የቆመው በዚያች «የወንድሜ ልጅ» በምትል አንዲት ቃል ላይ ነበር። የእናቴ ሐበሻነት ችግር አልነበረውም፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ የሚቆጠረው በአባቱ ነው።

እኔ ካርቱም ስለ እንስሳት እያጠናሁ ሳለ ጦርነቱ ደረሰብንና ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። እንደ ሌላው ሁሉ አንድ ቦርሳ አንጠልጥዬ ገዳሪፍ ተመለስኩ። አስተማሪዬ ኡስታዝ ሙርተዳም ቤቱን ጥሎ ገዳሪፍ ገባ። ቤት ሊከራይ በሄደበት ሁሉ ጎሳውን እየጠየቁት ይናደድ ነበር። «በገዛ አገሬ ከየት ነህ እባላለሁ?» እያለ ሲያማርር አዝንለት ነበር። ያኔ በልቤ አንቱ የምለው ሰው ነው። አሁን አንተ ይበቃዋል።

ከኢትዮጵያ ተራሮች ወደ ጋላባት በኩል የሚወርዱ ጅረቶች አሉ። በበጋ ባዶ ድንጋይ ናቸው፣ በክረምት እየደነፉ ይመጣሉ። ኡስታዝ በእነዚህ ጅረቶች ዳር ምን እንቁራሪት፣ ምን ዓሣ፣ ምን ወፍና አውሬ እንደተረፈ የሚያስጠና ድርጅት አገኘና እኔን ረዳት አድርጎ ቀጠረኝ። ሾፌር ግን ቸገረው፤ የገዳሪፍን ጥቁር ጭቃ በክረምት የሚደፍር ሰው አልተገኘም። አባቴ ይህን ሲሰማ እኔ እነዳችኋለሁ አለ። ድንበሩ አጠገብ ያለ ወታደር አጃቢ መሄድ ስለማይፈቀድ፣ ልጄን ከባለ ጠመንጃ ጋር ብቻዋን አልሰድም ማለቱ ነበር።

እናቴ አልወደደችውም። ከመሄዳችን በፊት ጀለቢያውን እያጣጠፈች፣ «ወደዚያ በኩል ባትሄድ ምናለ?» ስትለው ሰማሁ። ድንበሩን የፈራች መሰለኝ። አባቴ ነገሩን ወደ ቀልድ ወሰደውና፣ እኔ የምፈራው ጓጉንቸሯን ነው አለ። እውነቱን ነበር። ጓጉንቸር ይፈራል። የነካት ሰው እጁ ኪንታሮት ያወጣል ይል ነበር፤ በትምህርቴ ምንም ባስረዳው አላመነኝም።

አጃቢያችን ሻዊሽ በኪት ይባላል። ሻዊሽ ማለት ሃምሳ አለቃ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ስለነበር ነው። ገና ከከተማ ሳንወጣ ከአባቴ ጋር ተዋደዱ። ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ትራክተር፣ ስለ ሰሊጥ፣ ዝናብ ስለቀደመባቸው ገበሬዎች ያወራሉ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሻዊሹ ጠመንጃውን ለእኔ ሰጥቶኝ ከአባቴ ጋር ይገፋል። በአንድ ኬላ ላይ ስንቆም ወንድሙ ፋሽጋ ላይ መሞቱን ነገረን። ማን ገደለው ሳንለው፣ ሐበሾቹ አለ። አባቴ «አላህ የርሐሙ» አለ። ከልቡ እንዳለው አውቃለሁ፤ የሰው ሞት አይወድም።

ጅረቱ ዘንድ የደረስነው ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ነው። ውሃው ከኮረብታው ስንጥቅ ወጥቶ በጥቋቁር ድንጋዮች መካከል እየተሽሎከለከለ ይወርዳል። ከወዲያ ማዶ ያለው ተረተር ኢትዮጵያ ነው፤ ምልክት የለውም፣ ሻዊሹ በእጁ ባያሳየን አናውቅም ነበር። እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ልደብቃችሁ አልፈልግም። ከጦርነቱ ወዲህ የተማርኩት ነገር ሁሉ ከንቱ የቀረ መስሎኝ ሳለ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ሥራዬን እሠራለሁ። የውሃውን ሙቀት እንለካለን፣ ዳር ዳሩን እየተከተልን ድንጋይ እንገለብጣለን፣ ያገኘነውን እንይዛለን። አርጃኖ አየን፣ ሸርጣን አየን፣ አሸዋው ላይ የሚዳቋ ዱካ አገኘን። አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለ፣ ጀርባቸው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ያለባቸው እንቁራሪቶችም ከሣሩ ውስጥ እየተስፈነጠሩ ውሃው ውስጥ ይገባሉ።

ኡስታዝ በአንድ ነገር ቀልድ አያውቅም። የገለበጥነውን ድንጋይ ሁሉ እንደነበረ መመለስ አለብን። ከሥሩ የሚኖር አለና ጣራውን አንስቶበት መሄድ ነውር ነው ይላል። አንዴ ረስቼ ባልፍ ጠርቶ መለሰኝ። ድንጋዩን በዚያው ጎኑ አስቀመጥኩት።

የያዝናቸውን እንቁራሪቶችና ጓጉንቸሮች መዝነንና ለክተን እስክንለቃቸው ድረስ በእርጥብ ከረጢት ከግራር ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለናቸው ነበር። አባቴና ሻዊሹ ጥላው ሥር ዓሲዳቸውን፣ የማሽላ ገንፏቸውን፣ በልተው ጋደም ብለዋል። አባቴ ከረጢቱ ሲንቀሳቀስ ባየ ቁጥር ፈንጠር ይላል፤ ሻዊሹ ይስቅበታል። እኔም እስቅበት ነበር። ጎልማሳ ሆኖ ትራክተር ሥር ገብቶ የሚተኛ ሰው ከአንዲት ጋዑንጅ እንዴት ይሸሻል እያለ ሻዊሹ ያበሽቀዋል፤ ጋዑንጅ የሚሉት ጓጉንቸርን ነው። አባቴም መልስ አያጣም፤ እባብ አምጣልኝ፣ በእጄ እይዘዋለሁ ይለዋል።

ሻዊሹ ሲነሳ አይቼዋለሁ። እጁን ከረጢቱ ውስጥ ሲከትም አይቼዋለሁ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቶኝ ከውሃው ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶ ጥርሱን ይፍቃል። ሻዊሹ ከኋላው በእግሩ ጣት ተራምዶ የጀለቢያውን አንገት ሳብ አደረገና ጓጉንቸሯን ጀርባው ላይ ለቀቃት።

አባቴ ከመሬት ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«በስመ አብ! በስመ አብ ወወልድ…»

ቀኝ እጁ ወደ ግንባሩ ሄደ። እዚያው ቆመ። ጓጉንቸሯ በጀለቢያው ሥር ወርዳ ሣሩ ላይ ወደቀችና ወደ ውሃው ሄደች።

ሻዊሹ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ቀስ እያለ ነው የቀነሰው፣ የሰማውን ነገር ወደኋላ ተመልሶ እንደሚያዳምጥ ሰው። እኔ ደግሞ ሁለት ነገር ሰማሁ። አንደኛው አማርኛ ነው፤ ደጅ ላይ፣ በወታደር ፊት፣ ከአባቴ አፍ። ሌላውን ግን እዚያ ካለነው ሰዎች ከእኔ በቀር ማንም አልሰማውም። እስላም ሲደነግጥ በስመ አብ አይልም። እናቴ ብትደነግጥ ቢስሚላህ ትላለች፣ እኔም እንደዚያው። በስመ አብ እናቱ ልጅ ሆኖ ያስተማረችው ሰው ነው የሚለው፤ ያቺ እናት ደግሞ ክርስቲያን ናት። አባቴ ግን ሶላት አሳልፎ የማያውቅ፣ ረመዳን ሲገባ ከልጅ ብሶ የሚደሰት ሰው ነው። ውሃው ውስጥ እንደቆምኩ ይህ ሰው ማን ነው አልኩ።

«ሐጅ፣ ምን አልክ?» አለ ሻዊሹ።

አባቴ ቢስሚላህ ነው ያልኩት አለ፣ በዚያው ጥሩ ዓረቢው። ሻዊሹ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባትሽ ምን አለ?» አለኝ። እኔም ቢስሚላህ አልኩ። ምላሴ አልተሳሰረም፤ ዓይኔ ግን አባቴን ሲሸሽ ሻዊሹ ሳያየኝ አልቀረም።

«አይደለም» አለ ሻዊሹ። ድምፁ ውስጥ ገና ቁጣ የለም። «ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የአባቴ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲታጨድ፣ ከነዶው ውስጥ እባብ ሲወጣ ሐበሾቹ የቀን ሠራተኞች እንዲህ ይሉ ነበር። ልጆች ሆነን እየተቀባበልን እንስቅበት ነበር። ቢስማብ፣ ቢስማብ።»

አባቴ ጥሩ መልስ ሰጠ። ዛሬም ድረስ ከዚያ የተሻለ መልስ ሊሰጥ ይችል እንደነበር አይታየኝም። «ዕድሜዬን ሙሉ ከእነሱ ጋር ነው የሠራሁት፣ አፍ ይለምዳል» አለው። ሻዊሹም ራሱን ነቀነቀ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ያለፈ መሰለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? እኔ ግን አፋፉን አላየሁትም።

ኡስታዝ ከታች በኩል ሥራ ላይ ስለነበር ወሬውን ሰማ እንጂ ነገሩን አላየም። ከቀትር በኋላ ያለውን ጊዜ በሙሉ ሠራን። ድንጋይ እገለብጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ በመሃል ቀና እያልኩ አያለሁ። ሁለቱ ግራሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቀልዱ የለም። በየመሃሉ ሻዊሹ አንድ ነገር ይጠይቃል። የአያትህ ስም ማን ነበር? የመንደራችሁን የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረው የትኛው አጎትህ ነው? አባቴ ሁሉንም ይመልሳል። የዚያን የሞተ ባለ እርሻ ትውልድ እስከ ሰባት ቤት በቃሉ ያውቀዋል፤ ቤት ውስጥ ሲያጠናው እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወደ ጦር ኬላው ለመመለስ ጓዛችንን ጫንን። አባቴ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሻዊሹ እጁን መሪው ላይ አደረገ።

«ሐጅ፣ ስምህንም ዘርህንም በደንብ መለስክ» አለው። «ግን የለመደ አፍና የደነገጠ አፍ አንድ አይደለም። እኔ ወንድሜ ሲሞት የጮህኩትን ጩኸት ማንም አላስተማረኝም።»

አባቴ ሞተሩን አስነሳ። ሊያመልጥ ይችል ነበር ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ ማዶው ቅርብ ነው። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። እኔን ጥሎ የት ይሄዳል?

ኬላው ላይ ያለው መኮንን ብዙ አልተቸገረም። ጂንሲያውን ተቀበለና የሟቹን የባለ እርሻ ልጆች ስልክ አስፈልጎ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ዑስማን የሚባል የአጎት ልጅ አላችሁ ወይ አላቸው። ታላቅየው፣ «ዑስማን? የአባታችን ሾፌር ነበር። ጥሩ ሰው ነው» አለ። አልዋሹም። አባቴ በእንቅልፍ ልቤ ከበሩ ተሸክሞ የሚያስገባኝ፣ የእነሱንም ልጆች እንዲሁ ተሸክሞ ያሳደገ ሾፌር ነው። እውነት እንዲህ ሰው ትገድላለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መኮንኑ ወደ ኡስታዝ ዞረ። ይህን ሰው ታውቀዋለህ አለው። እኔ ኡስታዝን አየሁት፤ አባቴም አየው። ቢያንስ ጥሩ ሰው ነው እንዲል ጠብቄ ነበር፤ የሟቹ ሰውዬ ልጆች እንኳ ያን ያህል ብለዋል። ኡስታዝ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እኔ የቀጠርኩት ሾፌር ነው። ዘሩን አልጠየቅኩም» አለ። ቀጥሎ ደግሞ ነገ ሥራችንን መቀጠል እንችል እንደሆነ፣ ሌላ ሾፌርም ከኬላው ይገኝ እንደሆነ ጠየቀ። መኮንኑ ይገኛል አለው።

ዘሩን ሲጠየቅ ያማርር የነበረ ሰው ነው። አንባቢዎቼ፣ ይህን እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ሲነጋ ለአባቴ ውሃ እንዳደርስለት ፈቀዱልኝ። ካሳደሩበት የቆርቆሮ ቤት ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁን አላሰሩትም፤ ሻዊሹ ነው አትሰሩት ያለው አሉ። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና «አባ» አልኩት፣ በአማርኛ። ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ላይ ያልወጣች ቃል ናት። አባቴ ደነገጠና ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ የሚደበቅ ነገር እንደሌለ ትዝ አለውና ትከሻው ወረደ።

«በስመ አብ አልክ» አልኩት።

«አልኩ።»

«እስላም አይደለህም?»

«ነኝ እንጂ። ሶላቴ የልቤ ነው፣ በእሱ ማንንም አልዋሸሁም።» ውሃውን ተጎነጨና ጠርሙሱን መልሶ ሰጠኝ። «በረሃቡ ጊዜ ከእናቴ ጋር ነው ከጭልጋ በኩል የወረድነው። መንገድ ላይ ቀረችብኝ። ያነሱኝ እስላሞች ናቸው፣ የእናትሽ ዘመዶች። አብልተው አሳደጉኝ፣ ሃይማኖታቸውንም ወደድኩት። ያኛው ሁሉ ጠፋኝ። ጸሎቱም፣ ያደግኩበት ቤትም። የእናቴ መልክ እንኳ ጠፍቶኛል፣ ልጄ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። ስትደነግጥ በስመ አብ በል ትለኝ ነበር።»

ከእናቱ የተረፈችው ያቺ ብቻ ናት። በእሷ ተያዘ።

ስሙን ልጠይቀው አሰብኩ፤ እሷ ያወጣችለትን ስም። ወታደሩ ጠራኝ።

ጋላባት ድልድይ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ሲያሻግሩት እንድሸኘው አልከለከሉኝም። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ነበር የሚገፋው፣ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ። አባቴ ባዶ እጁን ነው የሄደው። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ቶሎ ቶሎ ተራመደ፤ ዞሮ አላየኝም። ዞሮ ቢያይ እንደምከተለው ያውቃል።

ገዳሪፍ ስገባ እናቴ ሱቋን ዘግታ ትጠብቀኝ ነበር። ከመጀመሪያ ጀምሮ ታውቀው ኖሯል። ያደገው በዘመዶቿ ቤት ነው፤ ክርስቲያን ሆኖ መምጣቱን የእሷ ቤተሰብ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አፉ ላይ አላነሳውም። «ወደዚያ በኩል አትሂድ ያልኩት ለዚህ ነበር» አለችኝ። «የድሮ አገሩን ካየ ልቡ ይፈታበታል ብዬ። ለካስ ልቡ አይደለም፣ አፉ ነው።» ከዚያ ቀን ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም።

ሰዎች እኔ ያን ሥራ ባልይዝ ኖሮ አባቴ እንደማይሄድ አድርገው ያወሩኛል። አንዳንዱ በደግነት፣ አንዳንዱ ለወሬ። እኔ ጥፋተኛ አይደለሁም። ሰው ልጁን ተከትሎ ወንዝ ዳር መሄዱ ወንጀል አይደለም። መደንገጥም ወንጀል አይደለም። ወንጀለኛ ከተፈለገ፣ ወረቀት እንዲያገኝ ከውሸት ዝምድና በቀር መንገድ ያላስቀረለት ነው፤ ተሸክሞ ያሳደገውን ሰው በስልክ «ሾፌር ነበር» ብሎ የሸኘው ነው፤ የጓጉንቸርን ድንጋይ እየመለሰ ሰውን ገልብጦ ጥሎ የሄደው ነው።

ኡስታዝ ከሳምንታት በኋላ ጻፈልኝ። ጅረቱን ጨረሰው፤ በሁለቱም አገር ዳር ላይ የሚገኝ፣ በዚህ በኩል ይኖራል ተብሎ ያልተገመተ እንቁራሪት አገኘ፤ ፎቶውን ላከልኝ። ለአባቴም በጣም እንዳዘነና የሚችለውን ሁሉ ለማድረግ ዝግጁ መሆኑን ጨመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አልመለስኩለትም። ፎቶው ግን ያምር ነበር፤ ያምር ስለነበር ነው ያናደደኝ።

የእኔም ጂንሲያ አሁን ማጣራት ላይ ነው። ልጅ በአባቱ ይቆጠራል ብያችሁ የለ? አባቴ ሐበሻ ከሆነ እኔም ሐበሻ ነኝ። በዚህ አላፍርም፤ ደብቄው የኖርኩትን ዘመን ነው የምጸጸትበት። ገበያ ውስጥ ከእናቴ ጋር በአማርኛ ነው የማወራው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከሻ ሲመጣ ሌላው ይሮጣል፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ይህን ድፍረት ነው የሚሉኝ አሉ። ድፍረት አይደለም። የሚወሰድብኝን ቀድመው ስለወሰዱት ነው።

እናንተ በአገራችሁ፣ በስማችሁ፣ በአንድ ቋንቋ የምትኖሩ አንባቢዎች ልትነግሩኝ ትችሉ ይሆናል፤ ስትደነግጡ ምን እንደምትሉ አስባችሁ ታውቃላችሁ? አታስቡትም። አስቦ የሚደነግጥ የለም። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፉን ሳይቀር ሲጠብቅ ኖሮ፣ አንዲት ቀን ጥርሱን ሲፍቅ ረሳ።

በመተማ በኩል የተቀበሉት እንዴት እንደሆነ የነገረኝ በስልክ ነው። መታወቂያ ለማውጣት ከትውልድ መንደሩ ምስክር አምጣ አሉት። መንደሩን ሲጠቅስ የሚያውቀው ሰው ጠፋ፤ ወላጆቹን የሚያስታውስ አልተገኘም። ስምህ አሉት፤ ዑስማን አለ። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው በዚያ መንደር አልነበረም አሉት። የሚያድርበት ግቢ ውስጥ ሱዳኒው ይሉታል። ጦርነት እዚያም አለ፤ ባዕድ የሚባል ሰው እዚያም ይፈራል። «አሁን ደግሞ ዓረቢ እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅኩ ነው፣ ልጄ» አለኝና ሳቀ። በአማርኛው ውስጥ ያቺ ዐይን የምትባል ፊደል ገብታ ትሰማኛለች። በፊት አልነበረችም፤ ወይም እኔ አልሰማኋትም።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ ልየው ብዬ ጋላባት ወረድኩ። ድልድዩ ተዘግቶ ነበር፤ ማንም አይሻገርም። በስልክ ተስማማን። እሱ በዚያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው እንቆማለን። አትጣራ፣ እጅህን ብቻ አንሳ አልኩት። እሺ፣ ዝም ነው የምለው አለኝ።

ረፋድ ላይ ነው። ከድልድዩ ሥር ውሃው ቡናማ ሆኖ ይሄዳል፤ ከሁለቱም ዳር እንቁራሪቶቹ ይጮሃሉ። የትኛው ጩኸት ከየትኛው ዳር እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ሙያዬ ነው፣ እኔም አልቻልኩም። ማዶ ከቆመው ሰው መካከል መጀመሪያ ሳላውቀው አለፍኩ። ጀለቢያ የለበሰ ሰው ስፈልግ ነው፤ ሱሪና ሸሚዝ ለብሶ አይቼው አላውቅም። ከስቷል። ሁለት እርምጃ ርቆ የዚያኛው ወገን ዘብ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል።

እጄን አነሳሁ። አባቴም አየኝና እጁን አነሳ። እስከዚያ ድረስ በተስማማነው ሄደ። ከዚያ መሃረቤ ከራሴ ተንሸራተተና ፊቴን በሙሉ አየው።

«ያ ቢቲ!» ብሎ ተጣራ፣ በሙሉ ድምፁ። «ያ ቢቲ!»

ዘቡ ዞር ብሎ አየው።